አባት ስትፈልጉ ተጠንቀቁ

የተከበራችሁ የሳሪስ አቦና የአካባቢው አጥቢያዎች ሽማግሌዎች፣ የሰበካ ጉባኤ ተመራጮች፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባቶችና እናቶች፤

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው። ልጆቻችንን ለመውቀስ፣ ካህናቱንም ለመክሰስ አልተነሣሁም። የምናገረው አለቃ ሲለወጥ ሐሳባቸው ለሚጠየቅ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ለሚፈርሙ፣ ሀገረ ስብከት ደጅ ለሚላኩ፣ «ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?» ለሚባልላቸው ሰዎች ነው። ነገር ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ዛሬ እናገራለሁ።

በየሰንበቴው አንድ ወሬ እየተደጋገመ ነው። «ጠንካራ አለቃ ያስፈልገናል። ድምፁ ያማረ፣ ስብከቱ ሕዝብ የሚሰበስብ፣ ከላይ ሰው ያለው፣ ሕንጻውን ቶሎ የሚያስጨርስ። እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ አዲስ የተተከሉትንም አጥቢያዎች ደርቦ ይያዝልን» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚቆረቆሩ፣ ከጉሮሯቸው ቀንሰው የሚሰጡ ናቸው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። በዚህ ሚዛን ተመዝኖ የሚመጣ ሰው ደብራችንን ያደምቀው ይሆናል፤ ነፍሳችንን የሚጠብቅ አባት ግን አይሆነንም። አባት አጥተን አስተዳዳሪ ብቻ እንዳይተርፈን እፈራለሁ።

ሰፈራችን እንዴት እንደተለወጠ ታውቃላችሁ። ሳሪስ የፋብሪካ ሰፈር ነበር። የአደይ አበባ ጥጥ ፋብሪካና የጎማ ፋብሪካው ሠራተኛ ከፈረቃ ወጥቶ፣ የአቦን ደጅ ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ካህኑ ምእመኑን በስሙ ይጠራዋል፤ የማን ልጅ ታመመ፣ ማን ከሚስቱ ተጣላ፣ ማን ከቅዳሴ ቀረ፣ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ዛሬ ከአቦ ወደ ደቡብ ያለው ምድር ሁሉ ከተማ ሆኗል። ከቃሊቲ ማዶ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ድረስ ኮንዶሚኒየም ተደርድሯል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራ ገብቷል። ሰዉ ዕቃውን ጭኖ መጣ፤ እድሩ ተበተነ፤ ንስሐ አባቱም አብሮት አልመጣም።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመሃል ከተማ ተነሥተው ወደዚህ የመጡ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ታመሙ። ልጆቻቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ደወሉ። እሳቸው በከተማው ማዶ በሚያገለግሉበት ደብር ሰሞነኛ ነበሩ። በማግስቱ በሌላ አቅጣጫ የሌላ ንስሐ ልጃቸው ቀብር ሆነ። ታክሲ ተጋፍተው፣ ላብ አጥምቋቸው ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሏል። ሽማግሌው ሳይናዘዙ፣ ሥጋ ወደሙ ሳይቀበሉ አልፈዋል። ቄሱ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ከጋቢያቸው ሥር አንድ አሮጌ ደብተር አወጡ። በየገጹ የንስሐ ልጆቻቸው ስምና ስልክ ተጽፏል፤ አያት፣ ጀሞ፣ ቃሊቲ፣ ሽሮ ሜዳ። አንዳንዱ ስም በእስክሪብቶ ተሰርዟል። የሽማግሌውን ስም ፈልገው ሲሰርዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰነፍ ካህን አልነበሩም። አንድ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ተሸክመው ነበር እንጂ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ደግ ቄስ የተበተኑ ንስሐ ልጆቹን መድረስ ካቃተው፣ አንድ አለቃ ሦስት አራት አጥቢያ ደርቦ እንዴት ይጠብቃል? ወረቀት ይፈርማል፤ ስብሰባ ይመራል፤ በንግሥ ቀን ካባ ለብሶ ይታያል። የታመመውን፣ የተጣላውን፣ ሃይማኖቱን ሊለውጥ ያመነታውን ልጅ ግን አያውቀውም።

«ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ያደርጉት የለም ወይ?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ያደርጉታል። በእንግሊዝ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ ሦስት አራት፣ በገጠርማ ከዚያም በላይ አጥቢያ ደርቦ መምራቱ የተለመደ ነው። ምእመኑ አንሷል፤ ካህኑ ቀንሷል፤ ገንዘቡ ሳስቷል። ስለዚህ አጥቢያዎቹን አጣምረው ለአንድ ሰው ይሰጣሉ። በእኛም ሀገር በጋምቤላ አንድ የአንግሊካን ቄስ ብዙ ማኅበረ ምእመናንን እየዞረ ያገለግላል፤ እሱ በሌለበት ጊዜ ጸሎቱን የሚመራው የሠለጠነ ምእመን ነው። ሥርዓታቸው ይህን ይፈቅድላቸዋል፤ ችግራቸውም ያስገድዳቸዋል።

የእኛ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። አንድ ካህን በአንድ ቀን ሁለት መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ካህን በሌለበት ምእመን ተክቶ የሚፈጽመው ምሥጢር የለም። ችግራችንም ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ምእመን አላነሰም፤ በየዳርቻው እየጎረፈ ነው። ካህንም አልጠፋም። ድጓውን የተማረ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ ከጎጃም ከጎንደር ከወሎ ጉባኤ ቤቶች የወጣ ሊቅ በየደጀ ሰላሙ ቆሞ አለ። ቀን ዘበኛ ሆኖ፣ ሎተሪ አዙሮ፣ ማታ ሰዓታት የሚቆም ስንት ደብተራ አለ! የቅጥር ደብዳቤ የሚያስገኝለት ሰው አጥቶ ነው። እኛ ደጅ የቆመውን አሳልፈን «አንድ ጠንካራ ሰው ሁሉን ይያዝልን» የምንል ከሆነ፣ ረኃብ ሳይኖር በራሳችን ላይ ረኃብ እያወጅን ነው።

አንድ እረኛ ለሰፊ መንጋ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የደረሰበት ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ከእስክንድርያ የሚላክልን ጳጳስ ለብዙ መቶ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ለመላው ሀገር አንድ ነበር። እሱ ሲያርፍ ተተኪው እስኪመጣ ክህነት ይቆማል። ከአቡነ ቄርሎስ ዕረፍት በኋላ አቡነ ሰላማ በ1841 እ.ኤ.አ. እስኪገቡ ድረስ ሀገሪቱ አሥር ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይታለች። ቅብዐትና ጸጋ እየተባለ ሊቃውንቱ የተከፋፈሉበት ክርክር በዚያ ዘመን ዳኛ አጥቶ ተባብሷል።

ጳጳስ ሲገኝም ጥድፊያው ሌላ ጥፋት ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ሰዎችን ሲክኑ ማየቱን ጽፏል። ፈተናው ጥቂት ቃል ማንበብ ነበር፤ ላነበበው በክንዱ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግለታል፤ ከዚያ ወደ ሰልፉ። አልቫሬዝ ከተካኑት መካከል ዓይነ ስውርና አካል ጉዳተኛ ማየቱንም እያዘነ ይተርካል። እሱ የሌላ ሥርዓት ሰው ስለሆነ ሁሉን በእኛ ዓይን አላየም፤ ስለ ጥድፊያው የተናገረው ግን ሊያሳስበን ይገባል። ጳጳስ ሳይገኝ የሚያልፈው ዘመን ያስፈራቸው አባቶች፣ ጳጳስ በተገኘ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊጨርሱ ሞከሩ። አንድ ሰው ለሁሉም ሲሆን ማንም ተመርምሮ አያልፍም።

አባቶቻችን ይህን ሸክም ለማውረድ ብዙ ደከሙ። ዐፄ ዮሐንስ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት ከግብፅ አስመጡ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ተሾሙ። ከእነዚያ መካከል አቡነ ጴጥሮስ በዚህች ከተማ፣ አቡነ ሚካኤል በጎሬ በፋሺስት ጥይት ወደቁ። አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ያሉት አቡነ ጴጥሮስ የሚጠብቁትን መንጋ የሚያውቁ አባት ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ይህ ሁሉ የተደረገው እረኛው ለመንጋው ቅርብ እንዲሆን ነው። እነሱ ከካይሮ ያቀረቡልንን አባት እኛ ከሳሪስ መልሰን እንዳናርቀው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። ገንዘብ።

ቀድሞ ካህኑ የሚኖረው በሰሞን መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት በአዋጅ ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓመት ውስጥ መተዳደሪያዋን አጣች። ከዚያ ወዲህ የካህኑ እንጀራ ከእኛ እጅ ነው፤ ከሙዳየ ምጽዋት፣ ከስእለት፣ ከዐሥራት፣ ከሱቅ ኪራይ። የገጠሩ ምእመን ለራሱም ስለሌለው ካህኑ ጥቂት እህል ይዞ ይቀራል። የአዲስ አበባው ደብር ግን ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላል። ስለዚህ ካህኑ ወደዚህ ይፈልሳል፤ ገጠር ያለው ታቦት የሚያጥነው ያጣል። አምስት ልዑካን ያልተሟሉለት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሩ ተዘግቶ ለዓመት በዓል እንኳ ቅዳሴ የማይሰማበት ጊዜ አለ።

ፈላጊው በዝቶ ቦታው ሲያንስ ቦታው ዋጋ ያወጣል። በዚህ ከተማ ለቅጥር፣ ለዝውውር፣ ለእልቅና እጅ መንሻ እንደሚጠየቅ ያልሰማ ሽማግሌ ካለ ይንገረኝ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. መንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ ስለ ሙስና በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከትን የቅጥር፣ የዝውውርና የሒሳብ አሠራር የሚያስተካክል ጥናት በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ለውይይት ቀርቦ ነበር። ተቃውሞ በዛበትና ቆመ። በዚያን ጊዜ የየአጥቢያው ሽማግሌ አንድ ሆኖ «ይተግበር» ቢል ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይቆምም ነበር።

ሹመቱን በገንዘብ ያገኘ ሰው ወደ ደብሩ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያ ሐሳቡ የከፈለውን መመለስ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ለእሱ ምክር ይሆነዋል። የፉካ ዋጋ ይጨምራል። ሱቁ ያለ ጨረታ ይከራያል። የግንባታ ውሉ ለሚያውቀው ሰው ይሰጣል። አገልጋይ ሳያስፈልግ ይቀጠራል፤ የተቀጠረውም በተራው ከፍሎ የገባ ነውና ቅዳሴ ገባ አልገባ የሚጠይቀው የለም። ደመወዙ ይበዛል፤ ካህኑ ይበዛል፤ የሚናዝዘው ግን አይገኝም። ቄሰ ገበዙ፣ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሹሙ በአንድ ጽዋ ሲጠጡ ልጆቻችን ከዐውደ ምሕረቱ ሥር ቆመው ያያሉ። ልጆቻችን ወዴት ሄዱ እያልን የምናለቅሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የንግሥ ማግስት ቆጠራን የማታውቁት የላችሁም። እኔ በቆየሁበት አንድ ደብር አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከረጢቱ ይገለበጣል። የተጨማደደ አሥር ብር፣ አራት ተጣጥፎ በክር የታሰረ ሃምሳ፣ በላብ የራሰ ሳንቲም። መካከሉ ላይ የስእለት ወረቀት ይገኛል፤ «አቦዬ ልጄን ከዓረብ ሀገር በሰላም መልስልኝ» ይላል። ቆጣሪው ወረቀቱን ወደ ጎን ይጥልና ብሩን ያቃናል። ቀኑ ሲመሽ ድምሩ ይነበባል፤ ካለፈው ዓመት ከበለጠ ይጨበጨባል፤ አለቃው ይመሰገናሉ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡት ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ አሁን ለእናንተ አቀርበዋለሁ። ያችን እናት የሚያጽናና ካህን በደብሩ ስንት አለ? ድምሩ ሲነበብ ይህ ቁጥር አብሮ ይነበባል ወይ? አለቃን በቆጠራው ቀን ብቻ የምትመዝኑ ከሆነ፣ የሚመጡላችሁ አለቆች ለቆጠራው ቀን ብቻ የሚኖሩ ይሆናሉ።

ሕግ አጥተን አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ በመማለጃ የተሾመ እንዲሻር፣ የሾመውም አብሮ እንዲሻር ያዛል። የሲሞን መሠርይን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል፤ ጸጋን በብር ሊገዛ የመጣውን ሰው ቅዱስ ጴጥሮስ እንዴት እንደመለሰው እናውቃለን። በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው የቃለ ዓዋዲ ደንብ ደግሞ ምእመናንን በቤተ ክርስቲያናቸው አስተዳደር አስገብቷል። ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት በሚመረጡ ሰዎች ይቆማል፤ አስተዳዳሪው ሰብሳቢ ሲሆኑ ምክትላቸው ከምእመናን ወገን ነው። ይህ ደንብ መሬቱ ከመወረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባይወጣ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን የደርግን ዘመን እንዴት ትሻገረው እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ያን ያቆሙልን ፓትርያርክ ከመንበራቸው ወርደው፣ ታስረው በደርግ እጅ ተገድለዋል። በእሳቸው የተተወልንን ወንበር ተቀምጠንበት ዝም የምንል ከሆነ ምን እንላቸዋለን?

አለቃ የመሾም ሥልጣን የሀገረ ስብከቱ ነው፤ እሱን እንቀማ አላልኩም። የምእመን ቡድን ተነሥቶ በር የሚዘጋበት፣ አለቃ በድንጋይ የሚባረርበት መንገድ ከጉቦው የማይተናነስ ጥፋት ነው። ግን የሚሾመውን ሰው መመርመር፣ የአጥቢያውን ችግር በጽሑፍ ማቅረብ፣ ያልተገባ ነገር ሲታይ በቃለ ጉባኤ ማስፈር መብታችንም ግዴታችንም ነው። ቅድም ያነሣኋት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም ሹመት ከመሸጥ በሽታ አልዳነችም ነበር። በዚያ ሀገር ቄስን ለአጥቢያ የማቅረብ መብት እንደ ርስት የሚሸጥና የሚለወጥበት ዘመን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው በወጡ ሕጎች ነው ሽያጩ የታገደው። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ቄስ ከመሾሙ በፊት የአጥቢያው ጉባኤ የአጥቢያውን ሁኔታ፣ ፍላጎትና ልማድ ጽፎ እንዲያቀርብ፣ ጉባኤው ከምእመናን አባላቱ የሚመርጣቸው ሁለት ወኪሎችም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ አዘዘ፤ ወኪሎቹ እምቢ ካሉ ሹመቱ በዋዛ አያልፍም። ከእነሱ ልንወስድ የሚገባን ይህን እንጂ አጥቢያ ማጣመሩን አይደለም።

ሌላም የምፈራው አለ። አለቃ ሲፈለግ «የእኛ ሀገር ሰው ይሁን» የሚል ሹክሹክታ በየጥጉ አለ። አንዱ ለጎንደሬው፣ አንዱ ለጎጃሜው፣ አንዱ ለሸዌው፣ አንዱ ለትግሬው ይቆማል። አቃቂ ቃሊቲ ኦሮምኛ የሚናገር ምእመን ከጥንት የኖረበት፣ ዛሬም ከሸገር ከተማ ጋር የተያያዘ ምድር ነው። በመጋቢት 5ና በጥቅምት 5 ጻድቁን አቦን ብለው ወደ ዝቋላ የሚሄዱ በዚህ መንገድ ሲያልፉ የሚሰማው ዝማሬ አማርኛ ብቻ አይደለም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾመናል ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል እንደተናወጠች፣ የሰው ሕይወትም እንደጠፋ አይታችኋል። ድርጊቱ ቀኖናን የጣሰ ነበር፤ የካቲት 8 ቀን በስምምነት እስኪያልቅ ድረስ ጥቁር ለብሰን አልቅሰናል። ሲነሣ የነበረው «በቋንቋችን የሚያስተምረን አባት አጣን» የሚለው ጩኸት ግን ከየገበሬው ቤት የወጣ እውነት ነበረበት። ለአጥቢያችን አባት ስንፈልግ ከጎናችን ያለውን ምእመን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናዝዝ ካህን አለ ወይ ብለን ካልጠየቅን፣ ያንን እሳት እንደገና እየቆሰቆስን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው።

ስለሚመጡት አባት ጠይቁ። ከዚህ በፊት ያገለገሉበት ደብር ድሆች ስለሳቸው ምን ይላሉ? ሰበካ ጉባኤውን አትጠይቁ፤ ከደጀ ሰላሙ የሚቀመጡትን ነዳያን፣ የታመመ ያለበትን ቤት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ጠይቁ። ትተውት የሚመጡት መቅደስ ማን ቀርቶለታል? የገጠር ታቦት አዘግተው የሚመጡ ከሆነ፣ የእኛ ሙሉ ማኅሌት በሌላው ዝምታ የተገዛ ነው። ሲመጡም በግልጽ ንገሯቸው፤ «አባታችን፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በዐውደ ምሕረት ይነበባል፤ ቆጠራው በብዙ ዓይን ፊት ይሆናል፤ ቅጥር ያለ ውድድር አይፈጸምም» በሏቸው። በዚህ የሚከፉ አባት ካሉ ቀድሞ መታወቁ ይሻላል። በዚህ የሚደሰቱም አሉ፤ ብዙ ንጹሓን አባቶች ሽማግሌ ከጎናቸው የሚቆም አጥተው ነው የተሸነፉት። እነሱን የምታጠነክሯቸው እናንተ ናችሁ።

አዳዲሶቹን አጥቢያዎች ለአንድ አለቃ አታስረክቡ። በመቃኞ ለተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ከትልልቆቹ ደብሮች ደመወዝ እየቆረጣችሁ የራሱን ካህናት አቁሙለት። አንዱ ደብር በመቶ የሚቆጠር አገልጋይ ይዞ ጎረቤቱ አምስት ልዑክ የሚያጣበት ምክንያት የለም። ከየደጀ ሰላሙ የቆመውን ሊቅ ሰብስባችሁ በሊቃውንት ፊት አስፈትኑት፤ ድጓውን ያሸመደደ፣ ቅኔውን የዘረፈ ሰው ያለ ብር እንዲገባ ተከራከሩለት። እያንዳንዱ አዲስ የመጣ ቤተሰብም ቅርብ ያለ ንስሐ አባት እንዲይዝ በየሕንጻው ዙሩ፤ የቀድሞውን አባት ፈቃድ አግኝቶ እንዲሸጋገር አግዙት። ለዚህ የሀገረ ስብከት ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የእድር ጥሩንባ በሚነፋበት መንገድ ማስታወቅ ይቻላል።

ጉቦ የተጠየቀ ካህን ወደ እናንተ ሲመጣም «ዝም በል፣ እንጀራህን አትዝጋ» አትበሉት። ይህ ምክር ይመስላል፤ ግን ሌባውን የሚያበረታው ይህ ነው። ስሙን ጠብቃችሁ፣ ነገሩን መርምራችሁ፣ በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ለሚመለከተው አቅርቡ። አንድ አጥቢያ ቢናገር ይረገጣል፤ ከአደይ አበባ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያሉ አጥቢያዎች በአንድ ፊርማ ሲናገሩ ግን የሚያፍን አይኖርም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የእኛ ዕድሜ የቀረው ጥቂት ነው። ከእኛ ብዙዎቹ በዚሁ ደጅ እንቀበራለን። በመጨረሻዋ ሌሊት የምንፈልገው ሕንጻ ያስጨረሰ አለቃ አይደለም፤ ስማችንን የሚያውቅ፣ በእግሩ የሚደርስ አንድ ካህን ነው። ያ ካህን የሚገኘው ዛሬ በምትፈርሙት ወረቀት ነው። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የአለቃ ጉዳይ ሲነሣ፣ ስለ ሕንጻውና ስለ ገቢው ከመወራቱ በፊት «በአጥቢያችን ስንት ሰው ንስሐ አባት የለውም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ እስኪገኝም በምንም ነገር ላይ አትፈርሙ።